ወደ ኢስታንቡል የሚሄድ ነጋዴ ከየትኛው ሰፈር ይጀምር?

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ቍስጥንጥንያ በሚለው ስሟ የሚያውቃት ኢስታንቡል፥ ዛሬ ለብዙ ነጋዴ ወገኖቻችን የልብስና የጫማ መግዣ ናት። ይሁን እንጂ ደርሰው ከተመለሱት ብዙዎቹ የሚያወሩልን ስለ ላሌሊ ሰፈር ብቻ ነው። በጸሐፊነት በማገለግልበት ንግድ ቤት የጉዞ ፕሮግራም ማዘጋጀት የእኔ ሥራ ስለ ሆነ፥ ለአምስት ቀን መንገደኛ ስለ ሰፈር አመራረጥ ጥቂት ቃል ለማቅረብ ፈቀድሁ።

ላሌሊ ለማደሪያ መልካም ነው፤ ሆቴሉ፥ የጅምላ ሱቁና ዕቃ ላኪው ጐን ለጐን ይገኛሉ። ገበያው የደረጀው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ከዚያ በጐረፉት ነጋዴዎች ስለ ሆነ፥ በብዙ ሱቅ ሩስኛ ይሰማል። ልብሱ በነጠላ ሳይሆን ልዩ ልዩ ልክ በአንድነት ታስሮ፥ እነርሱ «ሴሪ» በሚሉት ይሸጣል። በአገራችን የማይፈለገውም ልክ አብሮ እንደሚመጣ አስቀድሞ ማስላት ነው።

ገንዘቡን በመጀመሪያው ቀን እዚያው የጨረሰ ሰው ግን፥ የሱቅ ጎረቤቱ ያመጣውን ዕቃ ደግሞ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን የመግዣ ሳይሆን የመመልከቻ ይሁን። ከላሌሊ ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ወደ ምሥራቅ ቢሄዱ፥ ዳግማዊ ሱልጣን መሕመድ ከተማዋን በ1453 ከያዘ በኋላ ያስጀመረው ባለ ጣራው ታላቅ ገበያ አለ። ዋጋው ለአገር ጐብኚ የተቈረጠ ነውና አይተው ይለፉት። በማሕሙድ ፓሻ በር ወጥተው ቍልቍለቱን ሲወርዱ ግን ዐይንዎን ይክፈቱ፤ ይህ የከተማው ሰው ራሱ የሚገበይበት ጠባብ መንገድ ነው። የሙሽራ ልብስ፥ ጨርቅና የቤት ዕቃ ሞልቶበታል፤ ጥንት ሲራራ ነጋዴ ያርፍባቸው ከነበሩት ግቢዎችም በርከት ያሉት እስከ ዛሬ ሱቅና መሥሪያ ቤት ይዘዋል። የላሌሊ ሻጭ የነገረዎትን ዋጋ የሚመዝኑት እዚህ ነው።

ከቍልቍለቱ ግርጌ ኤሚኖኑ፥ በ17ኛው ምእተ ዓመት የተሠራው የግብፅ ገበያ ይገኛል። ይህ ለላኪዎቻችን ይበልጥ ይጠቅማል፤ ጥቍር አዝሙድ እንዴት ተነፍቶና ተለይቶ ለገዢ እንደሚቀርብ ይታይበታል። በየመንገዱ የሚሸጠው «ሲሚት» የተባለ ቀለበት መሰል ዳቦም በሰሊጥ የተሸፈነ ነው። ሰሊጥ ላኪ ሆኖ ሳይቀምሰው የሚመለስ ሰው ይገርመኛል።

ባላት የተባለው አሮጌ ሰፈር ያማረ ቢሆንም ለዚህ ጉዞ አይመችም። ታላቁ ገበያ እሑድ ዝግ ስለ ሆነ፥ ያን ቀን በ537 የተፈጸመችውን ሐጊያ ሶፊያን ማየት፥ ከዚያም ከኤሚኖኑ በመርከብ በእስያ በኩል ወዳለው ካዲኮይ መሻገር ይቻላል።