ስሙን የማናውቀውን መኪና ስንገዛ ማንን ነው የምናምነው?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ስማቸውን ሰምተን የማናውቃቸው የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። ቀደም ሲል መኪና ገዢው «ቪትዝ ይሻላል ወይስ ያሪስ?» እያለ ነበር የሚጨነቀው። የዛሬው ጭንቀት ሌላ ነው። መኪናው አዲስ ነው፣ ስክሪኑ ያማልላል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ይረክሳል፤ ሠሪውን ግን የሚያውቅ የለም።

ያልታወቀ ስም ሁሉ መናኛ ነው ማለት አይደለም። ቢዋይዲንም ቢሆን ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር። ችግሩ መኪና ከተገዛ በኋላ ለዓመታት መለዋወጫ፣ ባለሙያና ተጠያቂ የሚፈልግ ንብረት መሆኑ ነው።

ሊፋንን እናስታውስ። ሆላንድ ካር የተባለው ኩባንያ ሞጆ ላይ የሊፋንን መኪና ገጣጥሞ «አባይ» እያለ ይሸጥልን ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. ከሰረ። ሊፋን ራሱም በ2012 ዓ.ም. በአገሩ በዕዳ ተይዞ በፍርድ ቤት በኩል እንደገና ለመደራጀት ተገደደ። በኤሌክትሪኩ ዘመንም ታሪኩ ቀጥሏል። ደብልዩ ኤም ሞተር በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የኪሳራ አቤቱታ አቀረበ፤ ኔታ የተባለውን መኪና (ከእኛ የኔታ ጋር ዝምድና የለውም) የሚሠራው ሆዞንም በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ወደ ኪሳራ ሂደት ገባ። የደብልዩ ኤም ደንበኞች መኪናቸውን በስልክ የሚያዙበት አፕሊኬሽን እንደ ተቋረጠባቸው በወቅቱ ተዘግቧል። ቮልስ ቢሆን ፋብሪካው ቢዘጋም በሽቦና በመፍቻ ይነሣል፤ ይሄኛው ግን ግማሽ አካሉ ኮምፒውተር ነው።

እኔ የሕግ ሰው ነኝና ከመኪናው ይልቅ የሻጩ ማንነት ያሳስበኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2287 እንደሚደነግገው ዕቃው ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ለገዢው ዋስ የሚሆነው ሻጩ ነው። ውሉን የፈረሙት ከእሱ ጋር እንጂ ቻይና ካለው ፋብሪካ ጋር አይደለም። ሕጉ ገዢውንም ዝም ብሎ አይተወውም፤ ዕቃውን እንደተረከበ መመርመር፣ ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ፣ ካስታወቀ በኋላም በአንድ ዓመት ውስጥ መብቱን መጠየቅ አለበት። «ነገ እናስተካክልልዎታለን» የሚል የስልክ ተስፋ ይዞ የሚከርም ሰው መብቱን እያሳለፈ ነው። ማስታወቂያው በጽሑፍ ይሁን፤ ሻጩም ቅጂው ላይ ይፈርም።

ሌላም አለ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በ2013 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ መሠረት በ15 ሺህ ብር ካፒታል ሊቋቋም ይችላል። ሚሊዮኖች የከፈሉት ማኅበር ነገ በሩን ቢዘጋ ፍርዱን ይዘው ምን ላይ ያስፈጽማሉ? ስለዚህ ድርጅቱ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ የራሱ ጋራዥና የመለዋወጫ መጋዘን እንዳለው፣ ከፋብሪካው የተሰጠው የወኪልነት ደብዳቤ መኖሩን ይጠይቁ። ደላላው የሚነግርዎትን ሳይሆን ወረቀቱን ይዩ።

የታወቀ ስምም ብቻውን አያድንም። ቮልስዋገን አይዲ 6 ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ነው፤ ለዚያ ገዢ የተሰጠው የፋብሪካ ዋስትና አዲስ አበባ ድረስ ይከተለዋል ብሎ ማሰብ የዋህነት ይመስለኛል።

«ባትሪው የ8 ዓመት ዋስትና አለው» የሚለውም አነጋገር መጣራት አለበት። የቻይና መንግሥት በድጎማው ዘመን አምራቾች ለባትሪ የ8 ዓመት ወይም የ120 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና እንዲሰጡ ጠይቆ ነበርና ቁጥሩ በዚያው ተለምዷል። ጥያቄው እዚህ ባትሪው ቢደክም ማን ይቀይረዋል የሚለው ነው። ሻጩ ግዴታውን ራሱ የሚወስድ ከሆነ በውሉ ላይ ይጻፈው፤ ካልጻፈ የለም ብለው ያስቡ። በአንድ ቻርጅ ይሄዳል የተባለውንም ርቀት እንጦጦን ሽቅብ ነድተው ይሞክሩት።

ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ደግሞ ለአንድ የፊት መብራት፣ ለአንድ የፊት መስታወትና ለመሙያ ሶኬቱ ፕሮፎርማ ያስወጡ። መልሱ «ታዝዞ በሦስት ወር ይመጣል» ከሆነ የሦስት ወር የታክሲ ወጪዎን በመኪናው ዋጋ ላይ ደምረው ያስሉት።