ልጅ ይዞ ላሊበላ

ታኅሣሥ 29፣ በገና ማለዳ በላሊበላ ቤተ ማርያም ቅጽር ውስጥ መቆሚያ አይገኝም። ነጭ የለበሱ ካህናት ከላይ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው የዐለቱ አናት ላይ ይሰለፋሉ፤ ሌሎቹ ከታች ይቆማሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የሰዎች ምሳሌ ሆነው «ቤዛ ኵሉ» የተባለውን ዝማሬ እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዕለቱ የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላም ልደት ነው። ይህን ልጁ እንዲያይለት የማይመኝ ወላጅ የለም።

ነገር ግን ሽብሸባው የሚመጣው ሌሊቱን ሙሉ በማሕሌትና በቅዳሴ ተቁሞ ታድሮ ነው። ከተማዋ ያለችው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኑ የታኅሣሥ ሌሊት ብርዷ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። ስለዚህ አንዱ ወላጅ ሌሊቱን ይቁም፣ ሌላው ከልጆቹ ጋር ይተኛና ጎሕ ሲቀድ ጋቢ ደርቦላቸው ይውጣ። ሁሉን ካላየን ብሎ ልጅን ማንገላታት በዓሉን ያስጠላዋል።

የሕፃን ጋሪ እዚህ አያገለግልም። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት ተፈልፍለው የታነጹ ናቸው፤ መንገዱም ደረጃ፣ ጠባብ ቦይና ብዙ እግር ያለሰለሰው ድንጋይ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል፤ ሕዝቡ ቁልቁል የሚያይበት ጠርዝ ላይ ልጅን እጁን ለቆ ማቆም አይገባም። ሕፃኑን በአንቀልባ ማዘል ከሁሉም ይበልጣል። የሲኦል ምሳሌ የሚባለውን ጨለማ ዋሻ ትልልቆቹ ልጆች ይወዱታል፤ ግን ሰው ሲቀንስ በሌላ ቀን ይግቡበት። ልጅ በሰው መሐል ቢጠፋ የወላጁ ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ኪሱ ውስጥ መገኘቱ ብዙ ጭንቅ ያስቀራል።

ልጆችን ከበዓሉ ጋር የሚያስተሳስራቸው ግን ማየቱ ብቻ አይደለም። የላሊበላ ሰው ከሩቅ በእግሩ የመጣውን ምእመን እግር ያጥባል፣ ያበላል፣ ያጠጣል። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ውኃ ማቀበል፣ ዳቦ ማደል አያቅተውም። ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ የገና ጨዋታ ከተገኘም ራቅ ብሎ መመልከት ነው፤ ሩሯም ዱላውም ወዴት እንደሚወረወር አይታወቅም።

ጥምቀት ለትንንሾቹ ይቀላል። ጥር 10 ከተራ በቀን ነው፤ ታቦታቱ ከየመንበራቸው ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ ዝማሬው፣ የጥላው ቀለም፣ የሰዉ እልልታ ለልጅ ዐይንና ጆሮ ይበቃል። ማግስቱን ጠዋት ጠበሉ ሲረጭ ደስታቸው ወሰን የለውም፤ ቅያሪ ልብስ መያዝ ያሻል እንጂ።

ላሊበላ ባለችበት በላስታ ልጆች ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት በዓል ደግሞ አለ። ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ልጃገረዶች ሹሩባ ተሠርተው፣ ተኩለው፣ አሸንድዬ የሚባለውን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ ከቤት ቤት ይዞራሉ። በዓሉን በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በቆቦ ሶለል ይሉታል። ትንንሾቹ ከታላላቆቹ ኋላ ሆነው ዜማውንም ጭፈራውንም ይለምዳሉ፤ ማንም አስተማሪ አይቆምላቸውም። ወንዶቹም አልተረሱም፤ ከሦስት ቀን በፊት ነሐሴ 13 ቡሄ የእነሱ ነው፤ ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ሙልሙል ይሰበስባሉ። ወሩ ክረምት ስለሆነ ጭቃ የሚችል ጫማና የዝናብ ልብስ ግድ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ላስታ በጦርነት ተጎድቷል። ከሩቅ የሚመጣ ቤተሰብ ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው ከሚኖር ሰው ይጠይቅ። መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ከሦስት ዓመት በታች ሕፃን ያለው ቤተሰብ የገናን ሌሊት ለሌላ ዓመት ያቆይና ከጥምቀት ይጀምር፤ ሴት ልጅ ያለው ደግሞ አሸንድዬን አያሳልፋት።