ስንዱ ገብሩን ማንም አልሾማቸውም

የፓርላማ ታሪካችን ሲነሳ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ «የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል» ተብለው በአንድ መስመር ይታለፋሉ።

ሕይወታቸውን ባጭሩ ልበል። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ በ1908 ዓ.ም. ተወልደው ስዊዘርላንድ ተማሩ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ዘመቱ፤ ተይዘውም አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ፤ ተማሪዎቻቸው የሚጫወቱትን ተውኔት ራሳቸው ይጽፉ ነበር። በ1950 ዓ.ም. ፓርላማ ገቡ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ። በቀደም ማኪያቶ እየጠጣን አንድ የተማረ ወዳጄ «እሳቸውንማ ጃንሆይ ናቸው የሾሟቸው» ብሎኝ ቁጭ። ይህን የሚለው እሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ ነበር! ጃንሆይ ይሾሙ የነበረው የሕግ መወሰኛውን፣ ማለትም የሴኔቱን አባላት ነው። የሕግ መምሪያው አባላት ግን፣ በ1923ቱ ሕገ መንግሥት በመኳንንትና በአካባቢ ሹማምንት ይመረጡ የነበሩት፣ በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለ4 ዓመት በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ተደረገ። ሴትም የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኘች። አገሪቱ 200,000 ያህል ሕዝብ ባላቸው ወረዳዎች ተከፍላ እያንዳንዱ ወረዳ 2 እንደራሴ ይልክ ነበር።

ታዲያ በሩ ለሁሉም ተከፈተ ማለት አይደለም። ተወዳዳሪው 25 ዓመት የሞላው፣ በወረዳው የሚኖርና እዚያው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። በስሟ ንብረት የሌላት ሴት ገና ከደጅ ትቀራለች። ፓርቲ የሚባል ነገር ስላልነበረ ደግሞ ሰው የሚወዳደረው ስሙን ይዞ ነው። ስንዱ በእስረኝነትም በአስተማሪነትም ያፈሩት ስም ነበራቸው።

ከገቡም በኋላ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደርሰዋል። ይሁንና በዚያው የምክር ቤት ዘመን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አደረገው። አንዲት ሴት ወንበር ስላገኘች ሕጉ ለሴቶች አደላ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

እናንተም ለሴቶች ቀን ፖስተር የምትሠሩ ልጆች፣ ፎቷቸውን ከመለጠፋችሁ በፊት ከሥሩ የጻፋችሁትን እዩት። «የተሾሙ» ካላችሁ ሰርዙት፤ ሕዝብ የሰጣቸውን ድምፅ ለጃንሆይ አትስጡባቸው።