የመንግሥት ሠራተኛው መብት፣ ግዴታና ኑሮ

የመንግሥት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ አይተዳደርም። የፋብሪካው፣ የባንኩና የግል ድርጅቱ ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ይዞ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ሲሄድ፣ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ባለሙያ የሚዳኝበት ሕግ ሌላ ነው፤ ቅሬታውን የሚሰማውም አካል ሌላ ነው። የዚህ የተለየ መንገድ ጅማሮ በ1954 ዓ.ም ማዕከላዊ ፐርሶኔል ኤጀንሲ ሲቋቋም ነው። ከዚያ በፊት ቅጥርና ሹመት በየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፈቃድ ላይ የቆመ ስለነበር፣ ደረጃና ደመወዝ በአንድ ሥርዓት እንዲመራ መደረጉ በራሱ ትልቅ እርምጃ ነበር። በቅርብ ዘመን ደግሞ አዋጅ 262/1994፣ 515/1999፣ 1064/2010፣ አሁን ደግሞ 1353/2017 እየተተካኩ ወጥተዋል። ክልሎች የየራሳቸው አዋጅ ቢኖራቸውም በአብዛኛው የፌዴራሉን ፈለግ የተከተሉ ናቸው። ዳኞች፣ ዐቃቤ ሕጎች፣ ፖሊስና መከላከያ ከዚህ ውጭ ናቸው፤ የራሳቸው ሕግ አላቸው።

ከሥራ ሰዓት እንጀምር። ሕጉ ለመንግሥት ሠራተኛ በሳምንት ከ39 ሰዓት በላይ መደበኛ ሥራ አይፈቅድም፤ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ግን ጣሪያው 48 ነው። ይህ 39 ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጧት ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት ከ7፡30 እስከ 11፡30 ሲሠራ በቀን ስምንት ሰዓት ይሆናል። ዓርብ ግን ሙስሊሙ ሠራተኛ ጁምዓ እንዲሰግድ የምሳ እረፍቱ ከ5፡30 ጀምሮ ሁለት ሰዓት ስለሚሆን የዕለቱ ሥራ ሰባት ሰዓት ነው። ጉዳይ ያለው ሰው ዓርብ ረፋድ ላይ ቢሮ ተዘግቶ ሲያገኝ የሚቆጣው ይህን ባለማወቅ ነው። በአዲስ አበባ ሠራተኛውን ጧትና ማታ በመታወቂያው ብቻ ያለ ክፍያ የሚያመላልሰው የፐብሊክ ሰርቪስ ባስም ጉዞው ከዚሁ ሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። ባሱ ካመለጠ የታክሲ ሰልፍ አለ፤ ከዚያ ቢሮ በር ላይ የአሻራ ማሽን ወይም የፊርማ ወረቀት ይጠብቃል።

በፈቃድ በኩል ሕጉ ለጋስ ነው ብዬ አምናለሁ። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 20 የሥራ ቀን ሆኖ በየዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረበት እስከ 30 ይደርሳል። የሕመም ፈቃድ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ስምንት ወር፣ በአራት ዓመት ውስጥ እስከ አሥራ ሁለት ወር ሊዘልቅ ይችላል። አዋጅ 1064 የወሊድ ፈቃድን ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን አድርጎታል፤ በቀድሞው አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ብቻ ነበር። የአባትየውም ፈቃድ ከአምስት ወደ አሥር የሥራ ቀን አድጓል። መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁም ታዟል። በጥሩ ሁኔታ በተሠራባቸው መሥሪያ ቤቶች እናት በሥራ መሀል ወርዳ አጥብታ ትመለሳለች፤ በሌሎቹ ግን ትእዛዙ ከወረቀት አላለፈም። የጡረታ መዋጮው ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ነው፤ መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው።

ለጋስነቱ ደመወዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ2017 መጀመሪያ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ 6,000 ብር ሆነ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻው ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ከፍተኛው እርከን ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ተነሣ። በቁጥር ሲታይ ጭማሪው ትልቅ ነው። ነገር ግን 11,500 ብር ከግብርና ከጡረታ ተቀናሽ በኋላ በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ፣ የጤፍና የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ ሲጠየቅበት ምን እንደሚተርፍ ደሞዝተኛው ያውቀዋል። በአንዳንድ ክልሎች መምህራንና የጤና ሠራተኞች ያንኑ ደመወዝ ለወራት ያላገኙበት ጊዜ ነበር። ስለ ሥነ ምግባር የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ተነጥሎ ሊነገር አይገባም።

ሥነ ምግባሩ በየቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፦ ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት እያለ የሚቀጥለው የአሥራ ሁለቱ መርሆዎች ዝርዝር። ዝርዝሩን ማንም ያነባል፤ የሚያስጠይቀው ግን የዲሲፕሊን ሕጉ ነው። ቅጣቱ ከቃልና ከጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይነሣል፤ እስከ አንድ ወር ደመወዝ የሚደርስ መቀጮም ከቀላሎቹ ይመደባል። ከባዶቹ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ መቀጮ፣ ከደረጃና ከደመወዝ ዝቅ ማድረግና ከሥራ ማሰናበት ናቸው። ጉቦ መቀበል፣ ሰነድ ማጭበርበር፣ በሥራ ቦታ መደባደብ፣ ወሲባዊ ትንኮሳ፣ ተቀጥቶም ደጋግሞ ከሥራ መቅረት ከባድ ቅጣት ያስከትላሉ። በዲሲፕሊን የተሰናበተ ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላው ወደ መንግሥት ሥራ አይመለስም፤ ስለዚህ ማሰናበት የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ለዚህ ነው የክሱ አካሄድ ከቅጣቱ ዝርዝር በላይ ሊታወቅ የሚገባው። ደንብ ቁጥር 77/1994 እንደዘረጋው ክስ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ተከሳሹ መልሱን ያቀርባል፤ ማስረጃውን ያስመዘግባል፤ ምስክሮች ይሰማሉ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው የውሳኔ ሐሳብ አቅርቦ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ይወስናል። ሠራተኛው ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ሲፈራ እስከ ሁለት ወር ከሥራና ከደመወዝ ሊታገድ ይችላል፤ ካልተሰናበተ የተያዘው ደመወዝ ያለ ወለድ ይመለስለታል። የሁለት ወር ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ በዚያ መሀል ምን እንደሚበላ ሕጉ አይናገርም። በውሳኔው ያልተስማማ ለመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። እዚህ ላይ የሚጠቅመው በእጅ ያለ ወረቀት ነው፦ ወደ መዝገብ ቤት የገባ ደብዳቤ ቀሪ፣ ቀንና ማኅተም ያለበት የፈቃድ ፎርም፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤት። አለቃው በቃል ፈቅዶለት የቀረ ሠራተኛ አለቃው በተቀየረ ማግሥት «ከሥራ ቀርተሃል» ሲባል የሚያሳየው ነገር የለውም።

ሕጉ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በግሉ የአቤቱታ በር ከፍቷል፤ በጋራ ለመደራደር ግን በር የለም። ትልቁ ክፍተት ይህ ነው። ኢትዮጵያ የመደራጀትና የኅብረት ድርድር መብትን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98 ያጸደቀችው በ1955 ዓ.ም ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42ም የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች የሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች እንዲደራጁ ይፈቅዳል፤ እነማን እንደሆኑ የሚወስነውን ለዝርዝር ሕግ ትቶታል። ከ262 እስከ 1064 የወጡት አዋጆች ግን ይህን ማኅበርና ድርድሩን የሚያቋቁም ሥርዓት አልዘረጉም፤ የዓለም ሥራ ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም ጉዳዩን ደጋግሞ አንሥቷል። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄያቸውን ይዘው ሥራ እስከማቆም ሲደርሱ፣ ከመንግሥት ጋር በድርድር ጠረጴዛ የሚቀመጥላቸው በሕግ የታወቀ አካል አልነበራቸውም፤ ከተሳታፊዎቹም የታሰሩ ነበሩ።