ሰጋቱራ የሚበላው ምድጃ

ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ በር፣ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠሩ ቤቶች ይታያሉ። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት አቃቂ ደርሶ ነበር፤ ሜዳው ከዚያ ወዲህ የፋብሪካና የእጅ ሙያ ሰፈር ሆኖ ቀርቷል። ብዙዎቹ ትንንሽ ሥራ ቤቶች ግን በባህር ዛፍ ማገር ላይ ከተመታ ስስ ቆርቆሮ በቀር ከብርድ የሚከልላቸው ነገር የለም። ኮርኒስ የላቸውም፣ ግድግዳቸውም አልተመረገም። ኅዳር ከገባ በኋላ እዚያ ውስጥ ጠዋት መጋዝ መያዝ ፈተና ነው። ደግነቱ ነዳጁ እዚያው ወለል ላይ ወድቆ ይገኛል፤ ማታ ማታ ተጠርጎ የሚጣለው ሰጋቱራ።

የአቃቂን ብርድ ከዝናቡ ጋር ማያያዝ ስህተት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ምድሩን እንደ ጋቢ ሸፍኖት ያድራል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር መሬቱም ጣራውም ሙቀታቸውን ሌሊቱን ይለቁታል። ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየርም 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ይተኛል። ጭቃ ቤት ቢሆን ግድግዳው የያዘውን ሙቀት ቀስ እያለ ይመልስ ነበር፤ ቆርቆሮ ግን የሚይዘው የለውም። ንጋት ላይ ጣራው ከአየሩ ይበልጥ ቀዝቅዞ ጤዛ ያንጠባጥባል፤ መላጊያውና መጋዙ ይዝጋሉ። አራት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ያው ቆርቆሮ በፀሐይ ግሎ ሹራብ ያስወልቃል። እንግዲህ ሙቀት የሚያስፈልገው ለሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ማሞቂያ ሊገዛ የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ልብ ቢል ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል።

ሂሳቡን እንሥራው። ርዝመቱ 6፣ ወርዱ 5፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ቤት ጣራና ግድግዳው ተደምሮ 96 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስስ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ከውጪው በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር፣ በየካሬ ሜትሩ 6 ዋት ገደማ ያሾልካል። ቤቱን በ10 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 6 ኪሎዋት ይጠይቃል ማለት ነው፤ በየስንጥቁ የሚያመልጠው አየር ሳይቆጠር። 2 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ታዲያ ሦስት ዲግሪ ቢጨምር ነው፤ ያውም መብራት ካልጠፋ።

ብርዱን ችሎ መሥራትም መፍትሔ አይደለም። ነጩ የእንጨት ኮላ በጣም ሲበርደው አይይዝም፤ ነጭና ተፈርካሽ ሆኖ ይደርቅና መጋጠሚያው ኋላ ደንበኛው ቤት ይላቀቃል። በእርጥብ ብርድ የተቀባ ቫርኒሽም ይደበዝዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የደነዘዘ ጣት በሚሽከረከር መጋዝ አጠገብ መዋል የለበትም።

ስለዚህ ከሰል ይነደዳል። ማንደጃው ውጭ ይቀጣጠላል፤ ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በሩም ይዘጋል። ጭሱ ሲያልቅ አደጋውም ያለቀ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ግን የሚመነጨው ከዚያው ከቀላው ፍም ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አይቆጠቁጥም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። በእኛ ከፍታ አየሩ ራሱ የሳሳ በመሆኑ ጉዳቱ ይብሳል። ራስ ሲያም፣ ሲያቅለሸልሽ፣ ጉልበት ሲከዳ ሰውየው ቁርስ ያልበላበት ይመስለዋል። በከሰል ጭስ ታፍነው አድረው ስላልተነሡ ሰዎች ስንሰማ ኖረናል። አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ጭስ ማውጫ የሌለው እሳት በተዘጋ ሥራ ቤት ውስጥ መንደድ የለበትም።

በከሰሉ ፈንታ የሚሆነው የሰጋቱራ ምድጃ የሚሠራው ከሁለት ዕቃ ነው። ውስጠኛው 20 ሊትር የሚይዝ ገረወይና ነው፤ ከታች ጎኑ ላይ ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይወጣለታል። ውጪኛው ክዳን ያለው አሮጌ በርሜል ሲሆን ከላይ ጭስ ማውጫ ቱቦ፣ ከታች የአየር በር አለው። ገረወይናው መሃል ላይ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው አጣና ይቆማል፤ ሌላ አጭር አጣና በታችኛው ቀዳዳ ገብቶ ከቆመው እግር ጋር ይገናኛል። ከዚያ ሰጋቱራው በዙሪያው እየተጨመረ በደንብ ይጠቀጠቃል። ሁለቱ አጣናዎች ቀስ ተብለው እየተጠመዘዙ ሲወጡ፣ ከታች ገብቶ ወደ ላይ የሚታጠፍ መተላለፊያ ይቀራል። ቁም ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ መተላለፊያ ነው።

ገረወይናው በርሜሉ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ጥቂት ወረቀትና ጭራሮ በታችኛው ቀዳዳ በኩል ይለኮሳል። ነበልባሉ ወደ ላይ ሲሳብ ከሥር አየር ያስከትላል፤ ሰጋቱራው ከውስጥ ወደ ውጪ እየተላጠ ይነዳል። ነካኪ አይፈልግም። 20 ሊትር ጥቅጥቅ ያለ ሰጋቱራ 4 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ደረቅ ከሆነ 18 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል አለው። ከፊሉ በቱቦው ቢሄድም የቀረው፣ በርሜሉን አግሎ፣ እነዚያን ሦስት የጠዋት ሰዓታት ይሸፍናል። ቤቱን በሙሉ ያሞቃል ብዬ አልዋሽም። በርሜሉ አጠገብ የቆመን ሰውና ኮላ የተቀባን እንጨት ግን ያሞቃል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ያልተጠቀጠቀ ሰጋቱራ ተንዶ መተላለፊያውን ይደፍናል። እርጥቡ ጭስ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ የዛሬው ጥራጊ በፀሐይ ተሰጥቶ ለሳምንቱ ይቀመጥ። መላጊያ የሚያወጣው ፍቅፋቂ አይጠቀጠቅምና ለመለኮሻ ብቻ ይሁን። የባህር ዛፍ፣ የጽድና የዋንዛ ሰጋቱራ ሁሉም ይነዳል። የቺፑድና የኤምዲኤፍ ዱቄት ግን ሙጫ የጠጣ ስለሆነ ጭሱ መርዛማ ነው፤ ለየብቻ መጠረግ አለበት። እሳቱ እየነደደ ክዳን ከፍቶ ሰጋቱራ መበተን ፈጽሞ ክልክል ነው፤ አየር ላይ የተነሣው ብናኝ በአንድ ጊዜ ቦግ ብሎ ፊት ያቃጥላል።

ብየዳውን እዚያው አቃቂ ውስጥ የሚሠራ ሰው አይጠፋም፤ በርሜሉ ግን ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር ይጠየቅ። የነዳጅ ወይም የኬሚካል በርሜል ባዶ መስሎ እንኳ በብየዳ እሳት ይፈነዳል። ቱቦው ጥቁር ብረት ቢሆን ይመረጣል፤ ጋልቫናይዝድ ሲግል የዚንክ ጭስ ያወጣል። ከጣራው በላይ ከፍ ብሎ ይውጣ፤ በሚያልፍበት ቦታ ማገሩ ራቅ ተደርጎ ይቆረጥ፤ አለዚያ እንጨቱ ውሎ አድሮ ይያያዛል። ቫርኒሹና ቲነሩ ከነጭራሹ ሌላ ክፍል ይቀመጡ፤ ቀለም የሚቀባ ቀን ምድጃው አይለኮስ።

ከምድጃው በፊት ወይም አብሮ ሊሠራ የሚገባው ሌላ ርካሽ ሥራ ኮርኒስ ነው። ከጣራው ዝቅ ብሎ የተወጠረ ማዳበሪያ ወይም አቡጀዲ ሞቃቱን አየር ከቆርቆሮው ይለየዋል፤ ጤዛውም ሥራው ላይ አይንጠባጠብም። ሁለቱም ተቀጣጣይ ስለሆኑ በቱቦው ዙሪያ ሰፋ ያለ ክፍተት ይተው። በግድግዳው ስንጥቅ ካርቶን ቢጠቀጠቅ መልካም ነው፤ ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት ግን እሳቱ አየር የሚያገኝበት ስለሆነ አይደፈን።

ይህ ምድጃ ለመኪና ጋራዥ አይሆንም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተጉዞ መኪና ሥር መግቢያው ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በርሜሉ ደግሞ አየር የሚስበው ከወለሉ ነው። ዘይት ለማድረቅ ወለሉ ላይ የተበተነውን ሰጋቱራ ማንደድም ጥላሸቱና ጭሱ አይቻልም። መካኒኮች ሊያደርጉት የሚችሉት ብርዱ እስኪሰበር ሞተር የሚፈታበትን ሥራ ፀሐይ ቀድማ ወደምትመታው ግቢ ማውጣት፣ እሳቱንም ከመኪኖቹ ርቆ ነፋስ በሚወስደው በኩል ማድረግ ነው።