እስከ ሃያ የሚቆጥር ልጅ «ስድስት ስጠኝ» ሲባል

የዜሮ ክፍል መምህራን ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ ደረጃቸው ለየቅል የሆኑ ልጆችን በአንድ ክፍል ውስጥ ቁጥር እንዴት እናስተምር? እኛ በጎንደር አቅራቢያ ባለችው ፀዳ የምንሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ።

ልጆቹ በኅብረት «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ሲሉ ሁሉም የሚያውቅ ይመስላል። አንዱን ለብቻ ጠርታችሁ ስምንት የሃይላንድ ክዳን ፊቱ አስቀምጡና «ቁጠርልኝ» በሉት። በቃሉ እስከ ሃያ የሚወርደው ልጅ አንዱን ክዳን ሁለቴ ይነካል፣ ሌላውን ይዘለዋል። ጨርሶ «ታዲያ ስንት ናቸው?» ስትሉት እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ቆጠራው ለእሱ እንደ መዝሙር ነው፤ የመጨረሻዋ ቃል የሁሉንም ብዛት እንደምትናገር ገና አልገባውም። ጌልማንና ጋሊስቴል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ የቆጠራን መርሆዎች አምስት አድርገው ሲዘረዝሩ፣ ለአንድ ዕቃ አንድ ቁጥር መስጠትን፣ ቅደም ተከተል መጠበቅንና የመጨረሻው ቁጥር ብዛቱ መሆኑን ማወቅን ለየብቻ ያስቀመጡት በዚህ ምክንያት ነው። ልጅ አንዱን ይዞ ሌላውን ላይዝ ይችላል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ «ስጠኝ» እላለሁ። ክዳኖቹን ከምሬ «ሁለት ስጠኝ»፣ «ሦስት ስጠኝ»፣ «ስድስት ስጠኝ»። አፍሶ የሚሰጠኝና አንድ በአንድ ለቅሞ ስድስት ላይ የሚያቆመው ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት ሊሰጣቸው አይገባም።

ልዩነቱ ደግሞ ሰፊ ነው። ፀዳ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ስላለች የሱቅ ልጅና ከዙሪያው ገጠር የሚመጣ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የሱቁ ልጅ ሳንቲምና ብር ይለያል። ከብት ያለበት ቤት ያደገው ጥጃ ሲጎድል ዓይቶ ያውቃል፣ በቃል መቁጠር ግን ገና ነው። ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልል በግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች በመዘጋታቸው ዕድሜያቸው ገፍቶ የሚጀምሩም አሉ። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት ማዕቀፍ ዜሮ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲስፋፋ መንገድ ከፍቷል። መክፈል ለማይችል ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በአንድ ደረጃ የሚያስተምር መምህር ግን ይህን ዕድል መልሶ ያጠበዋል።

እኛ ክፍሉን በማዕዘን በማዕዘን ከፍለን ልጆቹን በየደረጃቸው እናሠራለን። ማዕዘን ስል ልጅ እጁን የሚያስገባበትን ማለቴ ነው። ብዙ ቦታ የማየው እንዳይነካ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሥዕል ነውና።

የምወደው የገበጣ ማዕዘን ነው። መሬት ላይ ጉድጓድ መቆፈር ይቻላል፣ ካልሆነም የእንቁላል መያዣ ካርቶን ይበቃል። ገበጣ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ጠጠር እየጣሉ መሄድ ስለሆነ፣ ለአንድ ዕቃ አንድ ቁጥር የሚለው መርህ እዚያው እጁ ላይ አለ። ለጀማሪው ሥራው በየጉድጓዱ አንድ ጠጠር መጣልና ጮክ ብሎ መቁጠር ብቻ ነው። ቀጥሎ ያለው በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ያደርጋል፣ የጎደለበትን ይሞላል። የቀደመው ደግሞ አምስት ጠጠር ከአንዱ ጉድጓድ አንስቶ፣ ሳይጥል በፊት የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ ይገምታል፣ ከዚያ ጥሎ ያረጋግጣል። ይህ መደመር ነው፤ ገና የመደመር ምልክት ሳያይ። ዕቃው ለሦስቱም አንድ ስለሆነ ማንም «የደካሞች ቦታ» ተቀመጥኩ አይልም።

ሌሎቹ ቀላል ናቸው። በስንጥር ማዕዘን አሥር አሥሩ በክር ይታሰራል፤ አንድ እስርና ሦስት ነጠላ የያዘ ልጅ «አሥራ ሦስት» ሲል የሚለውን በእጁ ይዞታል። በሱቅ ማዕዘን ባዶ የሳሙናና የክብሪት ካርቶን ይሸጣል። በአሸዋ ትሪ ላይ አኃዝ በጣት ይጻፋል። ባቄላና ሽምብራ ለትንንሾቹ አትስጡ፤ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባል።

«ልጁ ብዙ፣ መምህሯ አንድ፣ እንዴት ይሆናል?» ትሉኛላችሁ። በሁለት ማዕዘን ጀምሩ። አንዱ ልጆቹ ለምደውት ያለ እናንተ የሚሠሩት ይሁን፣ በሌላው እናንተ ተቀመጡ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይቀያየሩ። መምህር ዙሪያውን እየዞረ ሁሉን ሲቆጣጠር ማንንም አይሰማም። ከትልልቅ ክፍሎች ልጆች አግዙን ማለትም ያስፈልጋል፤ ትምህርት ሚኒስቴር ከዩኒሴፍ ጋር የጀመረው «ልጅ ለልጅ» ፕሮግራም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። ለጎንደር ሰው ደግሞ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት አንዱ ፊደል ሲቆጥር፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ላይ፣ አንዱ ዳዊት ላይ ነው፤ የኔታ እያንዳንዱን በየደረጃው ይሰማሉ፣ የቀደመውም ጀማሪውን ያስጠናል። አያቶቻችን በአንድ ግቢ ሁሉን እንደየአቅሙ ማስተማር ይችሉ ከነበረ፣ እኛ በካርቶንና በጠጠር የማንችልበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ምድቡን አታጽኑት። ዛሬ ሦስት ላይ የቆመ ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስድስት ሊሰጣችሁ ይችላል፤ «ስጠኝ»ን በየጊዜው መልሳችሁ ጠይቁ፣ ቦታውንም ቀይሩለት። «ጎበዝ» እና «ሰነፍ» የሚል ስም ለምድብ አይሰጥ፤ ልጅ ስሙን ያምናል።

እናቶችና አባቶች፣ ደብተር መግዛት አይጠበቅባችሁም። ቡና ሲፈላ «አራት እንግዳ አለ፣ ሲኒ አምጣ» በሉት። ሦስት ቢያመጣ አትቁጠሩለት፣ አትቆጡት፤ በየእንግዳው ፊት አንድ አንድ ያስቀምጥና የማን እንደጎደለ ራሱ ይይ። ከዚያ «ስንት ልጨምር?» የሚለውን እሱ ይመልስ።

የእንቁላል ካርቶን ገበጣውን አሠራር በፎቶ ቅዳሜ እለጥፋለሁ። በክፍላችሁ የሞከራችሁትን ከታች ጻፉልኝ።