የአንጎል ግንድ የደም ግፊትን እንዴት ይቆጣጠራል?

በፎገራ ሜዳ ወደ ሩዝ ማሳው ለመሰማራት ማልዶ ከመኝታው የሚነሳ አርሶ አደር ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ግማሽ ሊትር ያህል ደም ወደ ሆዱና ወደ እግሮቹ ይወርዳል። ራሱን ስቶ እንዳይወድቅ የሚጠብቀው ሜዱላ የተሰኘው የአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል ነው።

በአንገትና ከልብ በሚነሳው ትልቁ ደም ቅዳ ግድግዳ የሚገኙ ነርቮች የግፊቱን መቀነስ ለሜዱላ ያሳውቃሉ። ሜዱላም በሲምፓቴቲክ ነርቮች አማካይነት ልብ ፈጥኖ እንዲመታ፣ የደም ሥሮችም እንዲጠብቡ በሰከንዶች ውስጥ ያዛል። ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ ትእዛዙን ያላላል።

ሆኖም ግፊቱ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ከቆየ፣ ይህ ሥርዓት ከፍተኛውን መጠን እንደ መደበኛ ይለምደዋል እንጂ ዝቅ ለማድረግ አይሠራም። ሕመሙም ብዙውን ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ፣ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ መሆኑ የሚታወቀው በመሣሪያ ብቻ ነው። በመሆኑም ጤነኛ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ ስትሮክ ወይም የኩላሊት ጉዳት ሳይደርስበት ግፊቱን ማስለካት ይገባዋል።